መሀል የቆመ ሰው

“ይቺ ልጅ ግን ማን ናት?” አለችኝ ክዊኒ።

ክዊኒ የፑንታ ሊናው ሙዚየም የፎቶ ክፍል ኃላፊ ናት። ቢበዛ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አሮጌዎቹን ፎቶግራፎች በነጭ ጓንት እያነሳች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ “እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት፤ እስቲ ፊቶቹን በስም ይንገሩን” ብላ ነው ያስጠራችኝ። የድሮ ሰው መባሉ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጎኝ ነበር። ግን ስልሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሙዚየም የሆነው ቤት ራሱ በልጅነቴ በረዶ ፋብሪካ የነበረ ሆኖ፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ?

ፎቶዎቹ የከተማችን ታሪክ ናቸው። የሰርዲን ፋብሪካው ሲመረቅ፣ ከንቲባው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ ዓሣ ቆራጮቹ አድማ መትተው ከፋብሪካው በር ላይ ሲቀመጡ፣ አዲስ መርከብ ወደ ባሕር ሲገፋ፣ የቅዱሱ በዓል ሲከበር። ታዲያ በሁሉም ላይ አንዲት ጥርሷ የወላለቀ፣ ጸጉሯ የቆመ ልጅ አለች። አንዱ ላይ በከንቲባውና በፋብሪካው ባለቤት መካከል አንገቷን አስግጋለች፤ ሌላው ላይ ከቄሱ ቀሚስ ሥር ብቅ ብላለች፤ አድማው ላይ ደግሞ ከመሪዎቹ ፊት ደረቷን ነፍታ ተገትራለች።

“እኛ ትንሿ መንፈስ ነው የምንላት” አለ ጄሪክ። ጄሪክ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባው ልጅ ነው። የክዊኒ እጮኛ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ ሻይ ሲያቀብላት ስኒውን ቶሎ አለመልቀቁ ነው የነገረኝ። “ሳትጠራ የምትመጣ መንፈስ።”

“መንፈስ አይደለችም፤ እኔ ነኝ” አልኩት። “ሳልጠራ የመጣሁትም ለመታየት ብዬ አይደለም። የሰው ነፍስ ላድን ነው።”

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው። አባትና እናቴ ሥራ ፍለጋ ዳቫኦ ከተማ ሲሄዱ እኔን ለአያቴ ለሎላ ባሲሊያና ለአክስቴ ለሶሌንግ ትተውኝ ነበር። ቤቱ ባሕሩ ዳር በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ማዕበል ሲመጣ ውኃው ወለላችን ሥር ይንቦጫረቃል። የዓሣ ቋንጣ ሽታ ከልብሳችን አልፎ ትራሳችን ውስጥ ገብቷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የኢየሱስ ሥዕልና የሟቹ የወንድ አያቴ፣ የሎሎ ፋውስቶ ፎቶ ብቻ ነው።

ፎቶው በረዶ ፋብሪካው የተመረቀ ዕለት የተነሳ ነው። ሎሎ በመሐንዲሱና በሒሳብ ሹሙ መካከል ቆሞ፣ ሁለት እጆቹን በሁለቱ ትከሻ ላይ ጥሎ፣ ፋብሪካው የሱ ይመስል ይስቃል። በስተቀኝ በኩል፣ ልክ ፎቶው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ግማሽ ምሳ ዕቃ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሎላ የበረዶ ማሽኑ አካል ነው ትላለች። እኔ ምሳ ዕቃ ነው እላለሁ። በዚህ ብዙ ተጨቃጭቀናል።

“ስንት ሰው ይታይሻል?” ትለኛለች ሎላ ፎቶውን ስትወለውል።

“ሦስት።”

“መሀል የቆመው ማን ነው?”

“ሎሎ።”

“ቀድሞ የሞተውስ?”

“ሎሎ።”

“እንግዲህ!” ትልና ጨርቁን ታራግፋለች።

ሦስት ሰው አብሮ ፎቶ ከተነሳ መሀል የቆመው ቀድሞ እንደሚሄድ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። ሎሎ በዓመቱ ሞተ። መሐንዲሱና ሒሳብ ሹሙ ግን ደህና ናቸው፤ መሐንዲሱ እንዲያውም ሁለተኛ ሚስት አገባ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ፎቶውን ያነሳው ደግሞ ክሪስፑሎ ነበር። ከሌላ ደሴት አንዲት ሻንጣና አንድ ካሜራ ይዞ መጥቶ፣ ከተማችን ውስጥ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ያ ነው። ሎላ ክሪስፑሎን ከዚያ ቀን ወዲህ የምትጠራው “ፈቃድ ያለው ነፍሰ ገዳይ” እያለች ነው።

ክሪስፑሎ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ከዓሣ ገበያው ጎን ፎቶ ቤት ከፍቷል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ በበረዶ የተሸፈነ ተራራ የተሳለበት መጋረጃ አለ፤ በረዶን ከፋብሪካው ግግርና በምላጭ ከተፋቀ ጣፋጭ ውጪ አይተን የማናውቅ ሰዎች ሁላችን ከዚያ ፊት እየቆምን እንነሳለን። መጥፎ አመሉ አንድ ነው፤ ሰውን ሦስት ሦስት አድርጎ ማቆም ይወዳል። “ሦስት ሲሆን ፎቶው ይሞላል” ይላል። የከተማዋ ትልልቅ ሰዎችም እንዳጋጣሚ ሦስት ናቸው፤ ከንቲባው፣ የሰርዲን ፋብሪካው ባለቤትና ቄሱ። መሀል የሚቆሙት ደግሞ ምንጊዜም ከንቲባው ናቸው፤ ከንቲባ ዳር ቆሞ የት ይታወቃል!

ከንቲባ ኦርቴዛ የክርስትና አባቴ ነበሩ። በገና ዕለት ሄጄ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርጌ ሰላምታ ስሰጥ፣ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ይሰጡኛል። እንግዲህ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የሰርዲን ፋብሪካው ሊመረቅ ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ሙዚቀኞቹ ይነፋሉ፤ እኔ ከሰው እግር መካከል ሾልኬ ከፊት ደርሻለሁ። ቀና ስል የክርስትና አባቴን ከባለቤቱና ከቄሱ መካከል አየኋቸው። ቆጠርኩ። ሦስት። ክሪስፑሎ ዓይኑን ካሜራው ላይ ደቅኗል። የገና በዓል ደግሞ ደርሷል፤ ስጦታዬን ማን ሊሰጠኝ ነው?

ሮጥኩ። በከንቲባው እግር መካከል ልገባ ስል ሆዳቸው አላስገባ ስላለኝ በጎን ተሸጎጥኩ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉ ከንቲባው።

“አራት ነን” አልኳቸው እያለከለክሁ። “አይዞዎት፣ አሁን አራት ነን።”

ሕዝቡ ገባው፤ ሳቁ እስከ ወደቡ ተሰማ። ወዲያው ደግሞ አክስቴ ሶሌንግ አንዱን ነጠላ ጫማ በእጇ ይዛ፣ የዓሣ ቅርፊት የተለጣጠፈበት ሽርጧን እንዳገለደመች እየሮጠች መጣች።

“አንቺ ልጅ! ዛሬስ ባልገድልሽ!”

“ቆይ፣ ሶሌንግ” አለ ክሪስፑሎ፣ ከካሜራው ሳይነሳ። “አትጎትቻት። እጇን ያዢና እዚያው ቁሚ፤ አለበለዚያ ፎቶው ይበላሻል።”

“ያንተ ፎቶ መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል!”

“አገጭሽን ትንሽ ቀና…”

“አገጬን ተወው ብዬሃለሁ!”

ቀጭ! አለ ካሜራው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬን ያዝኩ። ሪባን የሚቆረጥበት፣ ድንጋይ የሚጣልበት፣ ንግግር የሚደረግበት ሁሉ ነበርኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከንቲባውንም የአድማውን መሪም አድኛለሁ። የአድማው መሪ ጎረቤታችን ማናንግ ፔትራ፣ እትዬ ፔትራ እንደማለት ነው፣ ነበረች፤ የዓሣ እንቁላል ጠብሳ ስለምታበላኝ መሞቷ አይታሰብም። ለምርጫው ከከንቲባው ጋር የሚወዳደረው ሰውዬ እንኳ መሀል ቆሞ ሳየው ሳላቅማማ ገባሁለት። ሎላ ይህን ስትሰማ፣ “እሱን እንኳ ብትተይው ምን ነበረበት?” አለችኝ። እኔ ግን ወገን አልለይም ነበር። ከንቲባው በአደባባይ “ተረት ነው፣ የኋላ ቀር ወሬ” እያሉ ይስቃሉ፤ ፎቶ ሊነሱ ሲሉ ግን ዓይናቸው ሕዝቡ ውስጥ ይንከራተታል። አንድ ቀን መቀሱን ሪባኑ ላይ አድርገው፣ “ያቺ የክርስትና ልጄ የት ገባች?” ብለው እስክመጣ ሰውን ሁሉ በፀሐይ አቆሙት።

እኔ በገባሁ ቁጥር ሶሌንግ ትከተለኛለች። ባየችው ቁጥር ትሰድበዋለች፤ እሱም ቀስ ብሎ አንድ ነገር ይመልሳል፤ እሷ ፊቷ ይቀላል። እንዲህ የሚጣሉ ሁለት ሰዎች አይቼ አላውቅም እል ነበር።

“ይሄ ፎቶ አንሺ ጎበዝ አልነበረም መሰለኝ” አለኝ ጄሪክ አሁን፣ የፋብሪካውን ምረቃ ኮምፒዩተሩ ላይ አጉልቶ። “ይዩ፣ ከንቲባው ደብዝዘዋል። ቄሱም ባለቤቱም ደብዝዘዋል። እዚህ ጥግ ላይ ያለችው ሴትዮ ግን ሽርጧ ላይ ያለው የዓሣ ቅርፊት እንኳ ይቆጠራል።”

“ጎበዝ ነበር” አልኩት። “ያነጣጠረው ከንቲባው ላይ አይደለም እንጂ።”

ክዊኒ ሌሎቹን ሰብስባ አመጣች። አድማው ላይ፣ በዓሉ ላይ፣ ቃለ መሐላው ላይ፣ በሁሉም ከጥግ በኩል አክስቴ ሶሌንግ አለች፤ በሁሉም ጥርት ብላለች። ከፋብሪካው ምረቃ በቀር ከእያንዳንዱ በፊት ደግሞ እኔ የሌለሁበት አንድ ፎቶ አለ፤ ክሪስፑሎ አንዱን እንደ ነገሩ አንስቶ፣ ሁለተኛውን ሊያነሳ እኔን ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። እኔ ከገባሁ እሷ ትመጣለቻ። ከበረዶ ተሸካሚው እስከ ቄሱ ያወቀውን ነገር እኔ ብቻ ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ክሪስፑሎ ሶሌንግን ይፈልጋታል፤ ሶሌንግም እሱን ትፈልገዋለች፤ ሎላ ግን ለባሌ ገዳይ ከምድራት ለሻርክ ብሰጣት ይሻላል ባይ ናት። ሶሌንግ ደግሞ እናቷ ሳትመርቅ ከቤት አትወጣም። ያቺ ግድግዳ ላይ ያለች ፎቶ ሁለቱን አላገናኝ ብላ ነበር።

እኔ የማውቀው አንድ ቀን ዓሣ እያጠቡ የተባባሉትን ነው።

“ያ ሰውዬ ደጄ ድርሽ እንዳይል” አለች ሎላ።

“ምን አደረገ እማዬ? ፎቶ ነው ያነሳው!”

“አባትሽን ነው ያነሳው! አንስቶ ቀበረው!”

ሶሌንግ ዓሣውን ለሁለት ሰነጠቀችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔም ለቤተሰቤ ወግኜ ክሪስፑሎን ለመጥላት ቆረጥኩ።

ነገሩ የፈነዳው አዲሱ መርከብ ወደ ባሕር በሚገፋበት ቀን ነው። ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ወደቡ ላይ ባለው የእንጨት ርብራብ ቆመዋል፤ እኔ ሳልጠራ ገብቼ አራት አድርጌያቸዋለሁ። ሶሌንግ ግን ያን ቀን አልተከተለችኝም። ሎላ ከዓሣ ማስጫው ንቅንቅ እንዳትይ ብላታለች። ማስጫው ከቀርከሃ የተሠራ፣ ዓሣ ተሰንጥቆ ፀሐይ ላይ የሚሰጣበት ሰፊ አልጋ ነው፤ ከኛ ጀርባ ራቅ ብሎ ባሕሩ ዳር ተደርድሯል። ሶሌንግ እዚያ ቆማ ዓሣ ታገላብጣለች።

ክሪስፑሎ በካሜራው አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አሁንም አየ። ሌላ እርምጃ ሄደ። እሷን ከኛ ጋር ለማስገባት መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ከንቲባው ስለወፈሩ አልገባ ብለውት መሰለኝ።

“አንተ ሰው፣ ርብራቡ አለቀ!” ብለው ቄሱ ሲጮኹና እሱ ሌላ እርምጃ ሲሄድ አንድ ሆነ።

ቧ! አለ ባሕሩ። ክሪስፑሎ ጠፋ። ካሜራውን ወደ ላይ የያዘ እጁ ብቻ ከውኃው በላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ ከማስጫው በኩል “ክሪስፑሎ!” የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ሶሌንግ ነበረች። ነፍሰ ገዳይ ውኃ ውስጥ ቢገባ እንዲህ ያስጮኻል እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ዓሣ አጥማጆቹ በመረብ አውጥተው ዕቃውን ከኪሱ እያወጡ ማስጫው ላይ ከዓሣዎቹ ጎን ሰጡለት። ማበጠሪያው፣ የቅዱስ አንቶኒዮ ሥዕሉ፣ የፎቶ ቤቱ ፈቃድ፣ ርሶ የተልፈሰፈሰ የኪስ ቦርሳው። ዝንብ እንዳያርፍበት አባርሪ ተብዬ እኔ ተተከልኩ። ቦርሳው ፀሐይ ሲነካው ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ውስጡ ጣት የምታክል ፎቶ አለች።

አክስቴ ናት። በመቀስ ተቆርጣ የወጣች፣ ከአሁኑ ቀጠን ያለች፣ ወደ መሬት እያየች የምትስቅ ሶሌንግ። በእጇ የያዘችው ነገር ግማሹ ብቻ ይታያል።

መተተኛ እንዴት እንደሚሠራ ማናንግ ፔትራ ነግራኛለች። የሰውየውን ፎቶ ከሌሎች መካከል ቆርጦ ያወጣና ከገላው ሳይለይ ይይዘዋል። ከዚያ ያ ሰው እህል ይጠላል፤ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፤ ሲጠሩት አይሰማም፤ የጣደውን ያሳርራል። አክስቴ ሩዝ ማሳረር ከጀመረች ቆይታለች! እህል መጥላቱም አለ፤ መስኮት ላይ ተደግፋ ማፍጠጡም አለ። ምንም የቀረ ምልክት የለም።

ፎቶዋን መንትፌ ወደ ቤት በረርኩ።

“ሎላ! መተተኛ ነው! አክስቴን ቆርጦ ኪሱ ውስጥ ከቷታል! ሩዙ የሚያርረው ለዚህ ነው!”

ሎላ ፎቶዋን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። አየቻት። ገልብጣ አየቻት። ከዚያ የሎሎን ፎቶ ከግድግዳው አወረደች፣ የክፈፉን ሚስማሮች በዓሣ ቢላ ፈለቀቀች፣ ፎቶውን ወለሉ ላይ አድርጋ ያቺን ቁራጭ በስተቀኝ አስጠጋቻት። ጠርዝ ከጠርዝ ገጠመ። ግማሹ ምሳ ዕቃ ከግማሹ ምሳ ዕቃ ጋር ተገናኘ፤ ሙሉ ሆነ።

“ምሳ ዕቃ ነው ብዬሽ አልነበረም?” አልኳት።

ሎላ አልሰማችኝም። በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች። መሐንዲሱ። ሎሎ። ሒሳብ ሹሙ። ሶሌንግ። “አራት” አለች። ደግማ ቆጠረች። “አራት ነበሩ!”

ከዚያ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ማልቀስ ጀመረች፤ ቆይታ ደግሞ ትስቅ ነበር። እኔ መተቱ ወደ እሷ የተሻገረ መስሎኝ ወደ በሩ አፈገፈግሁ።

“ሎላ፣ መተተኛ ነው አይደል?”

“ነው እንጂ” አለች ዓይኗን በሽርጧ እየጠረገች። “ሂጂ ጥሪልኝ። ፍርዱን እሰጠዋለሁ።”

ክሪስፑሎ የከንቲባውን ሾፌር ሱሪ ተውሶ መጣ፤ ሱሪው ከጉልበቱ ብዙም አይወርድም። ሶሌንግ ወጥ ቤት ገብታለች፤ ግን የሳህን ድምፅ እንኳ አይሰማም።

“ይህን የቆረጥከው አንተ ነህ?” አለችው ሎላ።

የተጋጠመውን ፎቶ ሲያይ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። “እኔ ነኝ፣ ቲያ ባሲሊያ።”

“ለምን?”

“የአባቷን ምሳ ይዛ መጥታ ጥግ ላይ ቆማ ነበር” አለ፣ የእግሩን ጣቶች እያየ። “ሳጥበው አየኋት። እንግዳ ነኝ፤ ስሟን እንኳ አላውቅም። እናንተ የጠየቃችሁኝ የአባወራውን ፎቶ ነው፤ እሷ ብትቀር ማን ያውቅብኛል ብዬ…”

“ባሌን ገደልክ እያልኩ ስሰድብህ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልከውስ? ፊልሙ እጅህ ላይ አይደለም?”

“የልጅዎን ፎቶ ሰርቄ ኪሴ ከተትኩ ከምል፣ ባልዎን ገደለ ብባል ይሻለኛል ብዬ ነው።”

ሎላ የተጋጠመውን ፎቶ ደግማ አየች። “ታዲያ ባሌን ማን ገደለው?”

“የኮኮናት ጠጁ ነዋ፣ እማዬ!” የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ። “ሐኪሙ ነግሮሽ የለም እንዴ!”

“አንቺን ማን ጠየቀሽ!” አለች ሎላ፤ ግን ከንፈሯ ሳቅ እየታገለው ነበር። ከዚያ ወደ ክሪስፑሎ ዞራ ዳኛ ሆነች። “ከነገ ጀምሮ እንጨት ትፈልጣለህ። ውኃ ትቀዳለህ። በቃህ እስክልህ ድረስ።”

እሱ ጎንበስ ብሎ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ፍርድ ማለት ይህ ነው አልኩ። ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ያሉት እስረኞች እንጨት ሲፈልጡና ውኃ ሲቀዱ በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ የሱ ጉዳይ ከነሱ በምን ይለያል?

ልጅቷን የፈለገ ወንድ እቤቷ እየተመላለሰ እንጨት ፈልጦ ውኃ ቀድቶ ወላጆቿን እንደሚያስፈቅድ የነገረኝ የለም። ስለዚህ ፍርደኛውን የመቆጣጠሩን ሥራ በፈቃዴ ያዝኩ። በማለዳ ይመጣል፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ “ያ ግንድ ቀርቷል” እላለሁ። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ይተርበዋል።

“ክሪስፑሎ፣ ግንዱን ደግሞ ሦስት አድርገህ ፍለጠው!” ትላለች ማናንግ ፔትራ።

ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ፣ “ባሲሊያ፣ ይሄ ሰውዬ በመጥረቢያውም እንደ ካሜራው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እግሩን ጠብቂለት!” ይላሉ።

እጁ ውኃ ቋጠረ፤ ወገቡ ጎበጠ። የገረመኝ ግን ፈገግታው ነው። እንዲህ ደስ ብሎት የሚቀጣ ሰው ስላላየሁ ቅጣቱ አንሷል ብዬ ለሎላ ነገርኳት። ሎላም አንድ በርሜል ጨመረችለት።

“ከጥር እስከ ግንቦት ያሉት ፎቶዎች ሁሉ የተንቀጠቀጡ ናቸው” አለችኝ ክዊኒ፣ ሌላ ሣጥን ከፍታ። “የወደቡ መብራት ምረቃ፣ የምክር ቤቱ ስብሰባ፣ ሁሉም። የፊልሙ ጥራት ነው ብለን ጽፈናል።”

“ሰርዙት” አልኳት። “ፊልሙ ምንም አልሆነም። መጥረቢያው ነው።”

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ሎላ አንድ ቀን “በቃህ” አለችው። ወዲያው አሳማ ታረደ፤ ነጭ ቀሚስ ተሰፋ፤ ቤተ ክርስቲያን ተሄደ። እኔ አምርሬ አለቀስኩ። ማናንግ ፔትራ ምን ሆንሽ ስትለኝ፣ “እሱስ አጥፍቶ ነው፤ አክስቴን ምን አድርጋ ነው ለሱ የሚሰጧት?” አልኳት። ይህን እስክትሞት ድረስ ባየችኝ ቁጥር ታነሳብኝ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ደረጃ ሥር ፎቶ ሆነ። ከተማው ውስጥ ሌላ ፎቶ አንሺ ስለሌለ ክሪስፑሎ ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ላይ አቁሞ፣ ራሱ የሚያነሳበትን ቁልፍ ጠምዝዞ ወደ ሙሽራይቱ ሮጠ። ሎላም መጣች። ሰው ሁሉ በጣቱ ቆጠረ። ሦስት ሆኑ።

“ባሲሊያ፣ ሰው ጨምሩ እንጂ!” አለች ማናንግ ፔትራ።

“እኔ ልግባ” አሉ ከንቲባው፤ ተረት ነው ባዩ ከንቲባ።

“ማንም እንዳይነቃነቅ!” አለች ሎላ። ሙሽሮቹን በሁለት ክርኗ ገፋ ገፋ አድርጋ ከመሀላቸው ገባችና ቆመች።

ሎላ! ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ሎላ! ልሮጥ ስል ማናንግ ፔትራ ኮሌታዬን ጨበጠችኝ። ቀጭ! አለ ካሜራው። እጇን ነክሼ አመለጥኩና፣ ክሪስፑሎ ሁለተኛውን ሲያነሳ እየጮኽኩ ገባሁ። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ያ ሁለተኛው ነው፤ ሙሽሮቹ፣ ሎላ፣ እኔም አፌን ከፍቼ። ሎላ ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ዓመት ኖረች። ላለማጋነን ያህል ለሰው አላወራሁትም እንጂ፣ ያኖርኳት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

“የመጨረሻው ይሄ ነው” አለች ክዊኒ። “ታትሞ አያውቅም፤ ከፊልሙ ላይ እኛ ነን ያወጣነው።”

የሠርጉ ፎቶ፣ የመጀመሪያው ነበር፤ እኔ የሌለሁበት። ሎላ መሀል ቆማለች። በአንድ እጇ የልጇን፣ በሌላው የክሪስፑሎን እጅ ጨብጣለች። አገጯ ቀና ብሏል፤ ካሜራውን የምታየው፣ ዓሣ ሊሰርቅ የመጣ ድመት በምታይበት ዓይን ነው። ሎላ መሀል የቆመ ቀድሞ እንደሚሄድ እስክትሞት ድረስ ታምን ነበር። ያን ቀንም አልረሳችውም። ከሦስቱ አንዱ ቀድሞ መሄዱ ካልቀረ፣ ከሁለቱ አንዳቸው እንዳይሆኑ ብላ ቦታውን ራሷ ያዘችው። ምርቃቷ ያ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን እኔ ያዳንኳት ይመስለኝ ነበር።

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ሎላ ቀድማ ሄደች። ክሪስፑሎ ሸምግሎ ተከተላት። አክስቴን የቀበርናት አምና ነው።

“ይቅርታ፣ አሳዘንንዎት” አለች ክዊኒ፤ መሐረብ ሰጠችኝ። “ለማስታወሻ አብረን ፎቶ እንነሳ? ማኖንግ ሩፎ፣ ና እባክህ!”

ማኖንግ ሩፎ የበሩ ዘበኛ ነው። መጥቶ የጄሪክን ስልክ ተቀበለ። ክዊኒና ጄሪክ ተጠጋግተው ቆሙና ክዊኒ ድንገት ዓይኗ ፈጠጠ።

“ሦስት እንሆናለን እኮ” አለች፤ ሳቅ አለች። “አላምንበትም፤ ግን… ማኖንግ ሩፎ ይግባና ስልኩን እዚያ መስኮት ላይ ብናቆመውስ?”

“ማኖንግ ሩፎ እዚያው ይሁን” አልኳት። “ጥሩ አድርጎ ያንሳን።”

ሁለቱን በክርኔ ገፋ ገፋ አደረግኋቸውና መሀላቸው ገብቼ ቆምኩ። በአንድ እጄ የሷን፣ በሌላው የሱን እጅ ያዝኩ።

“አገጫችሁን ቀና” አልኳቸው።